የሣልስቱ ገጽ

«እኔን አትጻፊኝ» አለች ሉሊት ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ። «ገብቼ አልቅሼ እወጣለሁ። ስሜን ብቻ ተይው።»

ብሩክታይት ብዕሯን ከመዝገቡ ላይ አነሳች። ሉሊት ከሀዋሳ ተመድባ ቢቸና የመጣች መምህርት ናት። የብሩክታይት አባት ግቢ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቤት ስድስት ዓመት ተከራይታ ኖራለች። ትናንት ጠዋት አባትየው ጫማውን ሲያስር በርጩማው ላይ እንዳጎነበሰ ሲቀር፣ መጀመሪያ የደረሰችውም እሷ ነበረች።

«ትናንት ጽፌሻለሁ እኮ።»

«እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ ፋይሌ እዚያው ጸጥታዎቹ ግቢ ነው ያለው። ማታ ማታ አንቺ ነሽ ወስደሽ የምትሰጫቸው?»

«ራሳቸው መጥተው ነው የሚወስዱት።»

«እሱማ ይብሳል» አለችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ገባች። ወዲያው ለቅሶዋ ተሰማ። ከልቧ ነበር የምታለቅሰው።

ብሩክታይት ገጹን ተመለከተች። ትናንት፣ በቀብሩ ዕለት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም ይዛለች። ዛሬ እስከ ረፋዱ ድረስ የያዘችው ሃያ ሦስት ነው። «አትጻፊኝ» ያሏት አሥራ ሁለት ናቸው። በአጥር ጥግ ቆመው አልቅሰው የሄዱትን መቁጠር አልቻለችም፤ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር።

መቁጠር ሥራዋ ነው። ሞጣ ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የደም ሕዋስ ስትቆጥር አጠገቧ ሰው ቢነጋገር አትሰማም። አሁን ግን አንድ ቦታ መርጋት አቅቷታል። የሟች ልጅ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነው ለቀስተኛ የምትቀበለው፤ እሷ ግን መዝገቡን በብብቷ ይዛ ከድንኳኑ በር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር ትመላለሳለች። ከጥቁር ቀሚሷ ላይ የአባቷን ግራጫ ኮት ደርባለች። ሴቶቹ ሁለት ጊዜ እጇን ይዘው ሊያስቀምጧት ሞክረው ሁለቱንም ጊዜ አምልጣቸዋለች።

በዚህ ሰፈር ለቅሶ ላይ ስም መያዝ የቆየ የእድር ልማድ ነው። አባል ሆኖ ያልመጣ ይወቀሳል፤ ስለዚህ የመጣ ሁሉ መጻፉን ያረጋግጣል። አባቷ እያለ ሰዎች ወደ ጸሐፊው ጠጋ ብለው «አይተኸኛል አይደል? እንዳትዘለኝ» ይሉ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ራሱ ነበረ፣ ሀብተ ሥላሴ ውበቴ። ከዳኝነት ወጥቶ ሞጣን ለቅቆ ወደ ቢቸና ከተመለሰ በኋላ እድሩ የሰጠው ሥራ ይህ ነበር። ስም ሲጽፍ የአባትንም የአያትንም ስም ይጠይቃል። ሳያይ የጻፈው ሰው የለም፤ ያየውን የተወው ሰውም የለም።

አሁን የእሱን ለቅሶ የሚጽፍ ጠፋ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ባምላኩ መዝገቡን ትናንት ለብሩክታይት ሲሰጧት፣ «የእጅ ጽሑፍሽ ቁርጥ የሱን ነው፤ ሌላ ሰው ቢጽፍበት ሀብቴ ይቆጣኛል» አሏት። እናቷ ቀደም ብላ አርፋለች። ወንድምም እህትም የላትም። ተቀበለቻቸው።

መዝገቡ ግን የእድሩ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እንዲያ እንዲሆን ያደረጉት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ባምላኩ ናቸው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ ጥሩንባ አይነፋም፤ ለቅሶ የሚነገረው በየቤቱ በር እየተንኳኳ ነው። ድንኳን ለመትከልም ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋሽ ባምላኩ ትናንት ጠዋት ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። የሺጥላ የሚባለው ኃላፊ፣ «ድንኳኑ ውስጥ ማን እንደሚገባ በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። «እንተዋወቃለን» ቢሉ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ሥርዓት የሌላቸው ሰዎች እንዳይመስሉ መዝገቡን ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «እኛ እኮ ስም ሳንይዝ ሰው አናስለቅስም! የአሥራ ሰባት ዓመት ለቅሶ እዚህ ውስጥ አለ።»

የሺጥላ ገጾቹን ገለጠ። የእጅ ጽሑፉን አደነቀ። ከዚያ በፈቃዱ ደብዳቤ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረ፤ የዕለቱ ለቀስተኞች ስም ዝርዝር በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተፈርሞበት ይቅረብ የሚል።

«ምን ነካኝ?» ይላሉ ጋሽ ባምላኩ ከዚያ ወዲህ። ንፍሮ ሲቀርብላቸው፣ «ምን ነካኝ?» ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ «ምን ነካኝ?»

በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ብሩክታይትን ጠሯት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ገብረ ማርያም አልተመለሰም።»

«የት ሄዶ?»

«ጠዋት ጠሩት። ‹ለአንድ ጥያቄ› ብለው። ይኸው ስድስት ሰዓት ሆነ።»

ገብረ ማርያም የአባቷን ሣጥን የሠራው አናጺ ነው። ትናንት እጁ ላይ የሙጫ ፍርፋሪ እንዳለ መጥቶ፣ «ገብረ ማርያም ይሁኔ አድማስ፣ እንዳትሳሳቺ» ብሏታል። አራተኛው ተራ ቁጥር ላይ ነው የጻፈችው። መዝገቡን ገልጣ አየችው። ፊደሉ ጥሩ ነበር።

«ምን አደረገ?»

«እኔ ምን አውቄ። የሚስቱ ወንድም ጫካ ነው አሉ። እሱን ያላወራ ሰው የለም፤ ግን ገብረ ማርያም እዚህ መኖሩን እኛ ነን የነገርናቸው፣ ልጄ። በቁጥር አድርገን።»

ብሩክታይት መዝገቡን ዘጋች። እጇን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከታ በትናንትናው ዕለት ያገኘችውን መሐረብ ጨመቀችው። ነጭ ነው፣ በአራት የታጠፈ፣ ታጥቦ የተተኮሰ። መሐሉ ላይ ግን እጥበት ያላስለቀቀው ሐምራዊ ነጠብጣብ አለበት። ሌላ ሰው ቢሆን ልብ አይለውም ነበር። እሷ ግን ትናንት ማታ ወደ መብራቱ ይዛ መረመረችው። ደም አይደለም፤ ደም ሲቆይ ወደ ቡኒ ይሄዳል። መድኃኒትም አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የሚቀለምበትን ቀለም ይመስላል፤ ግን አባቷ ያን ከየት ያመጣዋል? ነጠብጣቦቹ ደግሞ አንዱ ከአንዱ ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ስፋት ነበራቸው። በተለያየ ጊዜ የተነኩ ናቸው። እስከዚህ ደረሰች። ከዚያ በላይ አልገባትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሺጥላ ራሱ መጣ። ከሌላ አካባቢ የተመደበ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጆሮውን እንደሚያስጠጋ አስተዋለች፤ ግራው አይሰማም። ድንኳኑ በር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከዚያ ወጥቶ ዝርዝሩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«ገብረ ማርያም የት ነው ያለው?» አለችው።

«ይጣራል።»

«በምን ተጠርጥሮ?»

«አሁን ለጊዜው ያን እንድናገር አልገደድም። አዋጁን አንብቢው።»

«አባቴ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል ይል ነበር።»

«አባትሽ ጥሩ ሰው እንደነበሩ ሰምቻለሁ።» የሺጥላ ድምፁን አላነሳም። «እኔም ሕግ ተምሬያለሁ። ግን አምና እንደዚህ ባለ ድንኳን ውስጥ አብሮ ሲያለቅስ የዋለ ሰው ማታ ሁለት ባልደረቦቼን ገደለ። እኔን ጆሮዬን አሳጣኝ። ማን እንደገባ የጻፈ አልነበረም። እናንተ ለሞተ ታለቅሳላችሁ፤ የእኔ ሥራ ነገ የሚለቀስለት እንዳይበዛ ማድረግ ነው። ተሳስቻለሁ?»

ግልባጩ ላይ ፈርማ ሰጠችው። ሃምሳ አንድ ስም ነበረው። ከሄደ በኋላ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሞጣ ላይ፣ አባቷ አንድ ሰው ፈትቶ ነበር።

ይህን ሁሉም ያውቃል። ይታያል የሚባል የወፍጮ መካኒክ ክስ ሳይቀርብበት ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሮ ነበር። እህቱ አቤቱታ አቀረበች። አባቷ ያሰሩትን አስቀርቦ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «ይህ ሰው የተያዘው በየትኛው ወረቀት ነው?» ወረቀት አልነበረም። በዚያው ቀን እንዲለቀቅ አዘዘ። ያን ዕለት ማታ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ብሩክታይት ቤት መጥቶ ራት ሲበላ፣ ስለ ጉዳዩ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህ ሰው ንጹሕ ነው አላልኩም። አላውቀውም። ማወቅ የሚገባቸው ሰዎች የሚያውቁትን አላሳዩኝም።»

ይታያል በተፈታ በአሥራ አንደኛው ቀን የእህል መጋዘን ዘበኛ የነበረ ወልደ ኪዳን የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ተገደለ። ገዳዩ አልተያዘም። ከተማው ግን አንድ ሰው ነበር የጠራው፤ የተፈታውን። ይታያል በዚያው ሳምንት ከሞጣ ጠፋ።

የወልደ ኪዳን እናት ወይዘሮ ፋንታነሽ፣ ከቀብሩ ማግስት ፍርድ ቤቱ ግቢ ገብተው መሐሉ ላይ ቆሙ። ብሩክታይት ለአባቷ ምሳ ልታደርስ ሄዳ ነበርና በዓይኗ አይታለች። አባቷ ወደ ደረጃው ወጣ። እሳቸው አልጮኹም።

«የሰው መብት ነው አልክ» አሉት። «እሺ። የኔ ልጅ ሰው አልነበረም?»

አባቷ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም። ብሩክታይት ሰዓቷን ያየችው ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን አራት ደቂቃ ሙሉ እንደዚያ ቆመው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ጡረታ ጠየቀ።

እሷ ሞጣ ቀረች። ፋንታነሽ ገበያ ላይ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። አባቷ በየጥቂት ወሩ «ጉዳይ አለኝ» እያለ ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ይመጣል፤ ምሳ ሳይበላ ይመለሳል። ምን ጉዳይ እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። የድሮ ሥራው ናፍቆት ነው የሚያመላልሰው ብላ ደምድማ ነበር። ሳትመረምር የደመደመችው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

በሣልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ብሩክታይት አዲስ ገጽ ገለጠች። ቀኑን ጻፈች። ከሥሩ «1» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆመች።

ገብረ ማርያም አልተፈታም። ሚስቱ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ብሩክታይትን ቀና ብላ አላየቻትም። የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ሰው ከትናንቱ ይበልጥ መጥቷል። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም መዝገቡን አይተው ይቆማሉ፤ ከዚያ በጎኗ እንደማለፍ ይላሉ። እሷም አልጠየቀቻቸውም። ብዕሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እስከ ድንኳኑ ጀርባ ሄዳ ትመለሳለች።

ሰባት ሰዓት ላይ አቧራ የለበሰ ረጅም ሰው በጓሮ በኩል ገባ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቦ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደገባ ተንበረከከና ሁሉም ዘወር እስኪል ድረስ ጮኾ አለቀሰ። ሲወጣ ወደ እሷ መጣ።

«ልጃቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ይታያል እባላለሁ።»

የመዝገቡ ጠርዝ መዳፏ ውስጥ ገባ።

«ከየት መጣህ?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት። ከየት እንደሆነ ባታውቂው ይሻላል። ይፈልጉኛል፤ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቤት ሁለት ሌሊት አድሬ አላውቅም። አባትሽ አንድ ቀን ‹በምን ያዛችሁት?› ብለው የጠየቁልኝ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ሳላለቅስ ብቀር ሰው አይደለሁም።» መዝገቡን አየው። «እሱን ሰምቻለሁ። ጻፊኝ አልልሽም፣ አትጻፊኝም አልልሽም። ለቅሶ ያለበት ቤት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልለምንም።»

ጋሽ ባምላኩ ከኋላዋ ደርሰው ነበር። ክንዷን ይዘው ወደ ጎን ሳቧት።

«እሱን ዝለይው! አንድ ሰው ነው። ሌላውን ሃምሳ ስልሳ ሰው ጽፈሽ ፈርሚ።»

«እሺ፣ ሃምሳዎቹስ?»

«ምን ሃምሳዎቹ?»

«ከትናንት በስቲያ ገብረ ማርያምን ስጽፍ እንደሚጠሩት አውቄ ነበር? ዛሬ ከምጽፋቸው ማን የትኛው ዘመዱ የት እንዳለ አውቃለሁ? እሱን ዘልዬ ብፈርም ውሸት ፈረምኩ። ሁሉንም ብጽፍ አሳልፌ ሰጠሁ።»

«ታዲያ ባዶውን ልትሰጪ ነው? ፈቃዱ በእኔ ስም ነው፣ ብሩኬ! እድሩን ይዘጉታል። ቀጥሎ የሚሞተው ሰው ያለ ድንኳን ሊቀበር ነው።»

ብሩክታይት ክንዷን አስለቅቃ መዝገቡን እንደያዘች ወደ በሩ ተመለሰች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወይዘሮ ፋንታነሽ መጡ። ከሞጣ በጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ በየኬላው እየወረዱ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ብሩክታይት ስታያቸው መዝገቡን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ እሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ሳሟት።

«ነፍስ ይማር። ጻፍሽኝ?»

«እማማ… ሰው ሁሉ አትጻፊኝ ነው የሚለው።»

«እኔን ጻፊኝ። መምጣቴ ይታወቅ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። ብሩክታይት ተከትላቸው ገባች፤ የሚሆነውን ነገር ልታቆመው አትችልም ነበር። ይታያል ከጥጉ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አሮጊቷ አላለፉትም። ፊቱ ቆሙ። ንፍሮ የያዘው ሰው ሁሉ እጁ ባለበት ቀረ።

«አንተ ነህ አይደል?»

ይታያል ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። «እኔ ነኝ።»

«ልጄን ገድለኸዋል?»

«አልገደልኩም፣ እናቴ።»

«እናቴ አትበለኝ። ቃልህም አያረካኝም። ዳኛ ፊት ቆመህ፣ ማስረጃው ፊትህ ተዘርግቶ፣ ያኔ ስትለው ነው መስማት የምፈልገው።»

«ክስ ካለ እቆማለሁ። ክስ የለም። የሚፈልጉኝ ለክስ አይደለም።»

ፋንታነሽ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዞር ብለው የብሩክታይትን እጅ ያዙ፤ ከድንኳኑ ወጥተው ከአጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብሩክታይት ቆማ ቀረች።

«አባትሽ ነግሮሽ ያውቃል?»

«ምኑን?»

«ሞጣ ምን እንደሚያደርግ።» ፋንታነሽ ከደረታቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «ዘጠኝ ነው። የልጄ ገዳይ ምርመራ እንዳይዘጋ ዘጠኝ ጊዜ ማመልከቻ ጻፈልኝ። መጀመሪያ የመጣ ቀን በሩን ዘጋሁበት። ቁጭ ብሎ ዋለ። ሁለተኛ ሲመጣ፣ ‹የእኔ ውሳኔ ገዳዩን ለቅቆት ከሆነ እሱንም እንወቀው፤ ካልሆነም እንወቀው› አለኝ። ውሃ እንኳ አልሰጠሁትም። ዘጠኙንም ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውሃ አልሰጠሁትም።»

ብሩክታይት የመጀመሪያውን ወረቀት ገለጠች። የአባቷ ጽሑፍ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቀኑ ከነሰዓቱ። ከግርጌው ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ ነበረ።

እጇ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገባ። ነጠብጣቦቹን ቆጥራቸው ነበር። ዘጠኝ ናቸው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ ፋንታነሽ። «የማኅተም ቀለም ይዞ ይመጣል። ካስፈረመኝ በኋላ ጣቴን ይዞ በመሐረቡ ይጠርግልኛል። እሱን ብቻ ነው የፈቀድኩለት።» ወደ ድንኳኑ ዞረው አዩ። «አሁን ያንን ሰውዬ በእናንተ ዝርዝር ይዘውት ቢሄዱ ምን ይሆናል? ወይ ተደብድቦ ያላደረገውን አደረግሁ ይላል፤ ወይ ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል። ፋይሉ ይዘጋል። ልጄን ማን እንደገደለው ሳላውቅ እሞታለሁ። እኔ የሚታሰር ሰው ጠልቼ አይደለም። እንዲታወቅ ነው የምፈልገው።»

ብሩክታይት ወረቀቶቹን መልሳ ጠቀለለች። ሥራዋን አሰበች። አንዳንድ ቀን ናሙናው እንደማይሆን ሆኖ ይመጣል፤ የረጋ ደም፣ ስም የሌለው ብልቃጥ። ሐኪሙ ይቸኩላል፣ አስታማሚ ይጮሃል። ቁጥር ፈጥራ ልትጽፍ ትችላለች፤ ጽፋ ግን አታውቅም። ባዶ አድርጋም አትመልሰውም። ወረቀቱ ላይ «አልተሠራም» ብላ፣ ምክንያቱን አስፍራ፣ ስሟንና ፊርማዋን ታኖራለች። ከዚያ የሚመጣው ቁጣ የእሷ ነው።

መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች። «1» ከተባለው ጎን ጀመረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሺጥላ መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ አንገቱን ደፋ። ይታያል ከጥጉ አልተነሳም፤ አሁን ተነስቶ ቢሄድ ሁሉም ያየው ነበር። ጋሽ ባምላኩ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ብሩክታይት ገጹን ለየሺጥላ ሰጠችው። ድንኳኑ መሐል ቆሞ አነበበው።

«ዛሬ በአባቴ በሀብተ ሥላሴ ውበቴ ሣልስት ወደ ድንኳኑ ከመጣው ሰው የማንንም ስም አልጻፍኩም። የተውኩት ረስቼ አይደለም፤ ከትናንት በስቲያ በቀረበው ዝርዝር የተጻፈ ሰው ያለ ክስ ስለተያዘ ነው። የእድሩ ሰብሳቢና አባላቱ ይህን አላደረጉም። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ብሩክታይት ሀብተ ሥላሴ።»

«ይህ ምንድን ነው?»

«እውነቱ ነው። ሌላ ዝርዝር ብሰጥህ ውሸት ይሆንብኛል።»

«ይህን ይዤ ብሄድ ምን እንደሚመጣብሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

የሺጥላ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ዓይኑ አግዳሚዎቹን በየተራ እያለፈ ሄደ። «የማላውቀው ሰው አለ እዚህ?» አለ፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

ፋንታነሽ ብድግ አሉ። ይታያልን አዩት። ሰው ሁሉ እሳቸውን አየ። ማሳየት ቢፈልጉ ጣት ማንሳት ይበቃቸው ነበር።

«እኔን አታውቀኝም» አሉ። «ፋንታነሽ እባላለሁ፤ ከሞጣ ነው የመጣሁት። ልጄ ዘበኛ ነበር፤ እንዳንተው ጠባቂ። ገደሉት። እንደ እኔ ጸጥታ የናፈቀው ሰው እዚህ ድንኳን ውስጥ የለም። እሷ የጻፈችው ላይ እኔም አለሁበት።» ወደ ጋሽ ባምላኩ ዞሩ። «የእድሩ ማኅተም ቀለም የት ነው ያለው?»

ጋሽ ባምላኩ ከመዝገቡ ከረጢት ውስጥ ጠፍጣፋዋን ቆርቆሮ አወጡ፤ ክዳኗን ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ፋንታነሽ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ አደረጉ። የሺጥላ ወረቀቱን አልነፈጋቸውም። በእጁ እንደያዘው ከብሩክታይት ስም ሥር ጫን አድርገው አተሙ።

የሺጥላ አሻራውን ለጥቂት ጊዜ አየው። ቀኝ ጆሮውን ወደ አሮጊቷ አስጠጋ፤ ሌላ የሚሉት ነገር ያለ ይመስል። ወረቀቱን በሁለት አጠፈው።

«ነገ ሁለት ሰዓት ሁለታችሁም ቢሮ ትመጣላችሁ» አለ።

«ገብረ ማርያምንም እዚያው እንጠይቅሃለን» አለች ብሩክታይት።

በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ፤ ክሩን ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ አሰረ። የመኪናው ድምፅ ራቀ። ይታያል ተነስቶ ጋቢውን ተከናነበ፤ ለፋንታነሽ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና በመጣበት በጓሮ በኩል ወጣ። ፋንታነሽ አላዩትም። ቀለም የነካውን ጣታቸውን ከነጠላቸው አርቀው ይዘው፣ የት እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ቆመዋል።

ብሩክታይት መዝገቡን መሬት ላይ አስቀመጠች። አሮጊቷን ይዛ ወደ ፍራሹ ወሰደቻቸውና አብራቸው ተቀመጠች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ከአባቷ ኮት ኪስ መሐረቡን አውጥታ ዘረጋችው፤ ያልነካካ ቦታ ፈለገች። ከዚያ የፋንታነሽን አውራ ጣት ይዛ፣ ከጥፍሩ ሥር ጀምራ፣ ቀስ ብላ ትጠርግ ጀመር።

«ውሃ አምጡልኝ» አሉ ፋንታነሽ። «ውሃ አምጡና ለዚህች ልጅ ስጧት።»